የዲዋሊ ሳህን

ማርቲንዴል በሚባል የባሕር ማዶ ሰፈር ውስጥ እኔና እናቴ ከአንድ የህንድ ቤተሰብ ጋር ግድግዳ ተጋርተን መኖር ከጀመርን አምስተኛ ዓመታችን ነው። ግድግዳው ስስ ነው፤ እነሱ ሲያስነጥሱ እናቴ በዚህ በኩል «ይማርህ» ትላለች። በዓላቸው መድረሱን የማውቀው ግን በድምፅ አይደለም። የቤቱ እመቤት በእኔ ዕድሜ ያለች፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ልብስ የምታጥብ ሴት ናት። የብርሃን በዓላቸው ዲዋሊ ሳምንት ሲቀረው በራችንን ታንኳኳና እናቴ ከሰዓት በኋላ ስንት ሰዓት ላይ እንደምታሸልብ ትጠይቀኛለች። ጸሎታቸው ደወል ስላለው ነው። ያንን ደወል ቀስ አድርገው ስለሚመቱት ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ካልለጠፍኩ አልሰማውም።

እንግዶቻቸው መኪናቸውን ሁለት መንገድ አልፈው ያቆማሉ። ትንንሾቹን የሸክላ መብራቶች ከመስኮቱ በውስጥ በኩል ይደረድራሉ። ርችት የለም፤ የማዶው ቤት ውሻ ይደነግጣል ብላ ነው። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ያበሳጨኛል። በፋሲካ የእኛ ዘመድ አዝማድ መንገዱን በመኪና ሲዘጋው ማንንም ጠይቀን አናውቅም።

በዲዋሊ ዕለት ምሽት ላይ ሳህን ይመጣል። የብረት ሳህን ነው፤ ከሽምብራ ዱቄት፣ ከስኳርና ከቅቤ የተድቦለቦለ ቢጫ ጣፋጭ ሞልቶበታል። እናቴ በሁለት እጇ ትቀበላለች፤ ቋንቋ ስለማይግባቡ ጎንበስ ትልና ጉንጯን ትስማታለች። በሩ ሲዘጋ ድምጿ ይለወጣል።

«ለጣዖት የቀረበ ነው። ውሰድልኝ።»

«እማዬ፣ ጀስት ከረሜላ እኮ ነው።»

«በዚህ ዕድሜዬ ለንስሐ አባቴ ምን ብዬ ልናገር? ውሰደው አልኩህ!»

እወስደዋለሁ። ጓሮ ያለው አረንጓዴ የቆሻሻ ጋሪ ውስጥ እገለብጠዋለሁ። መንገድ ላይ ሁለቱን እበላለሁ፤ ጣዖቱን እንጃ፣ ቅቤው ግን የዋዛ አይደለም። ሳህን ደግሞ ባዶውን መመለስ ነውር ስለሆነ እስከ ፋሲካ እኛ ዘንድ ይከርማል። በፋሲካ ማግስት እናቴ ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ ትሞላበትና እኔን ትልከኛለች። ጎረቤታችንም በሁለት እጇ ትቀበላለች፤ ጎንበስም ትላለች። በየዓመቱ ለዲዋሊ የሚመጣው ሳህን አዲስ ነበር። ለእኛ ክብር ብላ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ጉዱ የፈላው በሦስተኛው ዓመት ነው። በዲዋሊ ማግስት ጠዋት ቺኑክ ተነሣ፤ በረዶውን በአንድ ቀን የሚያቀልጠው ያ ሞቃት ነፋስ የሰፈሩን ጋሪ ሁሉ ገለበጠ። በወጥ ቤቱ መስኮት ስመለከት ጎረቤታችን የእኛን ጋሪ ስታነሣ አየኋት። ማንም አላዘዛትም፤ የወደቀ ነገር አይታ የማታልፍ ሰው ናት። ጣፋጮቹ በረዶው ላይ ተበትነዋል፤ ቢጫ ስለሆኑ ከሩቅ ይታያሉ። ለአፍታ ቆመች። ከዚያ አንድ በአንድ ለቀመቻቸው። ወደ ጋሪው አልመለሰቻቸውም፤ ይዛቸው ሄዳ ጓሮዋ ውስጥ ካለችው ዛፍ ሥር አኖረቻቸው። ተመልሳ መጥታ የጋሪያችንን ክዳን ገጠመች።

ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ አፈርኩ። ወጥቼ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ አልወጣሁም። ለእናቴም አልነገርኳት።

ዓመቱን ሙሉ ሰላምታዋ አልተለወጠም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በረዶ ስትጠርግ የእኛን ደጅ ጨምራ ትጠርጋለች። በፋሲካ ዶሮውን እንደ ወትሮው ተቀበለች። ዲዋሊ ሲቃረብ ግን ቀን መቁጠር ጀመርኩ፤ ሳህኑ ይመጣል ወይስ አይመጣም? ከፋሲካ እንግዶቻችን በቀር በዚህ ከተማ እናቴን ብሎ በራችንን የሚያንኳኳ ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ናት። ካልመጣች፣ እናቴን ያለችውን አንዲት ሰው ያሳጣኋት እኔ ነኝ።

ሳምንት ሲቀረው የእንቅልፍ ሰዓት ልትጠይቅ አልመጣችም። በበዓሉ ቀን ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ፤ ምንም የለም። እናቴ ምሳ ከበላችበት ጊዜ ጀምሮ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀምጣለች። በሩ ሲንኳኳ እኔ ነኝ ሮጬ የከፈትኩት።

«ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ነው የሠራሁት» አለችኝ ጎረቤታችን በእንግሊዝኛ፣ ሳህኑን እንደያዘች። «ይሄኛው ለጸሎት አልቀረበም። ለብቻው፣ በሌላ ድስት ነው የሠራሁት። እናትህ ይሄን መብላት ትችላለች፣ አይደል?»

ማን እንደነገራት ጠየቅኳት። በእሷ ሺፍት የምትሠራ አንዲት ሐበሻ ሴት እንደሆነች ነገረችኝ። «ዶሮውን የምወስድላት እሷ...» ብላ ጀመረችና አፏን በእጇ ያዘች።

ቀስ እያለች ሁሉንም ነገረችኝ። ቤታቸው ሥጋም እንቁላልም አይገባም። ዶሮ ወጣችንን ከደጅ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ሥራ ቦታ ስታመላልስ ኖራለች። ሥጋ የነካው ሳህን ለጸሎት ስለማይሆን ሳህኑንም እዚያው ትተወዋለች። በየዓመቱ አዲስ የሚሆነው ለካ ለዚህ ነው። ሦስት ሳህኖቿ አንዲት የማናውቃት ሐበሻ ቤት ተቀምጠዋል።

«ባለፈው ዓመት ጓሮ ያየሽው...» አልኳት።

«ነፋስ ነበር» አለችና ሳህኑን ሰጥታኝ ሄደች።

ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ የጋሪውንም፣ የዶሮውንም። ከዚህ ሁሉ እሷ የያዘችው አንዱን ነው። «በሌላ ድስት?» አለች።

አዲስ አበባ እህቴ ስትዳር እናቴ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሌላ ድንኳን አስጥላ፣ ሌላ ድስት፣ ሌላ ቢላዋ አዘጋጅታ፣ አራጁንም ከእነሱ ለምና አምጥታ ነበር። ይህን ሥርዓት የምናውቀው በደጋሽነት ነው። ሌላ ድስት የተጣደልን እንግዶች ሆነን አናውቅም።

ቀኑ ማክሰኞ ስለነበር ቅቤውም ሰበብ አልሆነም። እናቴ አማተበችና አንዱን አንሥታ ቀስ ብላ በላች።

«እሷ የእኛን ለሰው አድርሳ፣ እኛ የእሷን ደፋን» አለች። ዓይኖቿ እንባ አቅርረው ነበር። «ነገ ድስት ግዛልኝ። ዶሮ ያልገባበት።»

ሳህኑ ያን ዓመት እስከ ፋሲካ አልከረመም። በሳምንቱ በዘይት የተሠራ ምስር ወጥ ይዞ ተመለሰ። አዲሱን ድስት እናቴ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ለብቻው አስቀመጠችው። አንድ ጠዋት እንቁላል ልቀቅልበት ሳነሣው ከክፍሏ ሆና ሰማችኝ።

«የሰው ድስት ነው፣ መልስ!»

መለስኩት። ዘንድሮ ለዲዋሊ የመጣው ሳህን አዲስ አልነበረም።