ወደ ላይ የምታሳየው ቀስት

የሙሐዲን ስም ሲነሳ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ጣቱ ነው። ከፈረስ መጋላ አደባባይ ዝቅ ብሎ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የአረጋውያንን ድምፅ እየቀዳ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጥ ነበር። አንድ ትእዛዝ ሁለቴ መጻፍ አይወድም። ወደ ላይ የምታሳየውን ቀስት ሲጫን የቀድሞው ትእዛዝ ተመልሶ ይመጣለታል። ከዚያም ያጠረ መንገድ ነበረው፦ ቃለ አጋኖ አድርጎ የትእዛዙን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ይነካል፤ ማሽኑም በዚያ ፊደል ከሚጀምሩት የመጨረሻውን ሳይጠይቅ ይፈጽማል።

«እኔ ረሺ ነኝ፤ የሚያስታውስልኝ እሱ ነው» ይለኝ ነበር።

በ2002 ዓ.ም. ወይዘሮ ዘቢባ ታመሙ። ልጃቸው ሳዳ ታጭታለች፤ ሠርጉ ግን ገና ነበር። እንደማይደርሱበት ስላወቁ፣ እናት ለሙሽራ ልጇ የምትዘፍነውን ዘፈን ሙሐዲን ዘንድ አስቀድተው ሞቱ።

ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ሳዳ ዘፈኑን ልትወስድ ፍላሽ ይዛ መጣች። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ሙሐ፣ ዛሬም ከማሽንህ ጋር? ከእኔ በፊት አንተ ተዳርክ እኮ!»

ሳቀ። የእናቷን ፎልደር ከፈተና ቃለ አጋኖውንና ፊደሏን ነካ። ለካ ፍላሽ ላይ መገልበጫው ትእዛዝም መሰረዣውም የሚጀምሩት በአንድ ፊደል ነው። ጠዋት የማይረቡ ሙከራዎችን ሲያጸዳ የመጨረሻ ትእዛዙ «ያለህበትን ፎልደር ባዶ አድርግ» የሚል ነበር።

ማሽኑም ሳይጠይቅ የእናቷን ፎልደር ባዶ አደረገው። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ምነው?»

«ቆይ... ቆይ ሳዳ። ያ ረቢ!»

እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሰላት ድረስ ያልሞከረው ማዳኛ አልነበረም። አንዱም አልሠራ ሲለው፣ ምናልባት ዘፈኑን ሌላ ቦታ ገልብጬው እንደሆነ ብሎ ቀስቷን ይጫን ጀመር። የዓመት ሥራው አንድ በአንድ ወደ ኋላ አለፈ። ያዘዘው ሁሉ አለ፤ ዘፈኑ ግን ሌላ የትም አልተገለበጠም። ድንገት ጣቱ ቆመ። ዘፈኑን በቀዳ ዕለት ማይክሮፎን ሲሞክር ቀድቶ በስህተት ሌላ ቦታ ያስቀመጣትን አጭር ድምፅ ያጫወተበት ትእዛዝ ነበር። የኢንተር ቁልፍን ተጫነ።

«ሙሐዲን፣ ልጀምር ወይስ ልጠብቅህ?» አሉ ወይዘሮ ዘቢባ።

«ትንሽ ይጠብቁኝ፣ እናቴ» አለ የራሱ ድምፅ።

ቅጂው እዚያ ላይ አለቀ።

ሳዳ አላለቀሰችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ድገመው» አለችው።

ቀስቷን ተጫነ። እናቷ ልጀምር ወይ ብለው ጠየቁ፤ እሱም ይጠብቁኝ አላቸው።

«ድገመው።»