አንኳኩቶ መግባት

ቁልፍ ሠሪው የአሮጊቷን በር ቁልፍ ቀይሮ ሲጨርስ እንደ ልማዱ ሦስት መክፈቻ ዘረጋላቸው። እሳቸው አንዱን ብቻ አንሥተው፣ ክርኑ የተጣፈ ሹራባቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

«የቀሩትን በመዶሻህ ጨፍልቅልኝ።»

ስንት በር የከፈተ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ጉድ ግን ሰምቶ አያውቅም።

«እንዴ እማማ፣ ልጆችዎስ በምን ይገባሉ?»

«አንኳኩተው።»

«ኧረ ሰው ምን ይላል?»

«ያለውን ይበል።»

ዞር ብሎ ቤቱን ቃኘ። ሁለቱም መኝታ ክፍሎች በልጆቻቸው ሻንጣና ልብስ ታጭቀዋል። የእሳቸው ትራስና ብርድ ልብስ ወጥ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ቁልፍ ሠሪው መዶሻውን አንሥቶ ሁለቱን መክፈቻዎች ጨፈለቃቸው።

«በል አሁን ውጣና አንኳኳ» አሉት።

ወጣ። በሩ ከኋላው ተቆለፈ። ግራ እንደገባው አንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እማማ፣ ቁልፍ ሠሪው።»

ከውስጥ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ «ዛሬ አይመቸኝም» አሉ። ጉሮሯቸውን ጠርገው ደገሙት፤ አሁን ድምፃቸው ጠንክሯል። «ዛሬ አይመቸኝም።»

የመሣሪያ ሳጥኑ ቤት ውስጥ ቀርቷል። የሰፈሩን በር ሁሉ ሲከፍት የኖረው ሰውዬ እጁን እንዳነሣ ክው ብሎ ቀረ፤ እንደገና ለማንኳኳት ድፍረት አጣ።