ሳማ በባዶ እጅ

ሳማ እንደሚለበልብ የማያውቅ የደብረ ታቦር ልጅ የለም። እኔም አውቅ ነበር። የማላውቀው የገጠር ሰው በምን እንደሚቀጥፈው ነው። በእጁ መስሎኝ ነበር። በዚያ ላይ እልኸኛ ነኝ።

አዲስ ሙሽራ ሆኜ የመጀመሪያውን የፍልሰታ ጾም ከባሌ ጋር እናቱ ዘንድ ልጾም ከገሳይ ወዲያ ወዳለው መንደራቸው ሄድሁ። ባሌ ወሬ አያድርበትም። ከሰርጋችን በፊት እናቱ «የባለ ሱቅ ልጅ! እጇ ምን ሥራ ያውቃል?» ማለታቸውን ነግሮኛል። እጄ ምን እንደሚያውቅ ሳላሳያቸው ላልመለስ ምዬ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አማቴ «ልጄ፣ እስቲ ከበረቱ ጀርባ ለወጥ የሚሆን ሳማ ቅጠፊልን» አሉኝ። በሩ ላይ ጫፉ የተሰነጠቀ እንጨት ተንጠልጥሏል። የከብት ነገር መስሎኝ አለፍሁት። ሰፌዱን መሬት አስቀምጬ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ በሁለት እጄ እቀጥፍ ጀመር። ሰፌዱ እስኪሞላ ትንፍሽ አላልሁም። ቀና ስል አማቴ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸሽገው ደጅ ላይ ቆመው ያዩኛል። ፈገግ አልሁላቸው። ምን ዓይነት ፈገግታ እንደነበር እግዜር ይወቀው።

እጄ እስከ ክርኔ ሽፍ አለ። እሳቸው ፊት ማከክ ደግሞ ለእኔ መሸነፍ ነበር። ማጀት ስገባ ቡሃቃው ውስጥ ያደረ ቀዝቃዛ ሊጥ አየሁና ሁለቱንም እጄን ነከርሁ። ገነት የገባሁ መሰለኝ! ወዲያው አማቴ ገቡ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሊጥ እያቦካሁ ነው።»

«እሱ እኮ ትናንት የተቦካ ነው።»

«ቀጥኖ አየሁትና» ብዬ ዱቄት ጨመርሁበት።

እጄን ባወጣሁ ቁጥር ማሳከኩ ይመለሳል። ማሳከኩ በተመለሰ ቁጥር እኔም ወደ ዱቄቱ እመለሳለሁ። እኩለ ቀን ላይ ሁለተኛው ቡሃቃ ሞላ። ሦስተኛውን ከጎረቤት አስመጣሁ። ጎረቤቷ ዕቃውን ይዛ ስትመጣ «ምነው፣ ድግስ አለባችሁ እንዴ?» ብላ ጠየቀች። አማቴ ፊታቸው ሳይፈታ «ምራቴ ሥራ ትወዳለች» አሏት። እሷም ሄዳ ለመንደሩ አወራች። ሴቶቹ ተራ በተራ እየመጡ ሥራ ወዳዷን ሙሽራ ጎበኟት። አንዷማ ለልጇ እንደኔ ያለች እንዲሰጣት ስትሳል በጆሮዬ ሰማሁ። ባሌ በበሩ አንገቱን አስግጎ «ሦስት ሰው አይደለን እንዴ?» አለኝ። እጄ ሊጥ ውስጥ ባይሆን ኖሮ አንድ ነገር እወረውርበት ነበር።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ አማቴ አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«ዱቄቱ አለቀ» አሉኝ።

ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። ለዓመት የተቀመጠ ዱቄት ያለቀብኝ ይመስል ተንሰቀሰቅሁ። እሳቸው ከነጠላቸው ስር የጠወለገ ቅጠል አወጡ። እጄን ከሊጡ አውጥተው አጠቡልኝና ቅጠሉን ጨምቀው ያሹኝ ጀመር። ቃጠሎው ቀስ በቀስ በረደ።

«ቱልት ነው፤ ሳማው አጠገብ ይበቅላል» አሉ። «ስትቀጥፊ አይቼ ነው የቆረጥሁልሽ። አሁን ትጮኻለች፣ አሁን ትጠራኛለች እያልሁ ይዤው ቆምሁ። አልጠራሽኝም።»

«ታዲያ ለምን አልሰጡኝም?»

«እኔስ እልኸኛ አይደለሁ?» አሉና ድምፃቸው ተሰበረ። «ይች ልጅ እንዲህ እየተቃጠለች ካልጠራችኝ፣ መቼ ልትጠራኝ ነው ብዬ ስፈራ ዋልሁ።»

አፈርሁ።

ሊጡን ለመንደሩ አከፋፈልን። በሦስተኛው ቀን ያን ስንጥቅ እንጨት ይዤ ወደ በረቱ ጀርባ ሄድሁ። ሳማው በእንጨቱ እየተቆነጠጠ ሰላማዊ ሆኖ ሰፌዱ ውስጥ ይገባል። መጨረሻ ላይ አንዲት ቅጠል የአውራ ጣቴን ጫፍ ነካችኝ። እውነቱን ለመናገር ብዙም አላመመኝ።

መንደሩ እስኪሰማ «እማማ!» ብዬ ጮህሁ። ቱልታቸውን ይዘው፣ ነጠላቸው መሬት እየጠረገ፣ ሮጠው መጡ።