ሲሮጥ ብታዩት አትደንግጡ

አሁን አልሮጥም። በእግሬ እሄዳለሁ፤ እሱም ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት ነው። ጉልበቴ ደህና ነው፤ ልቤንም ያዩት ሐኪሞች የወጣት ልብ ነው ብለውኛል። ጅማ ጊንጆ የምትኖረው እህቴ ቅዳሜ ልጠይቃት ስሄድ ሆዴን በጣቷ ጠቅ እያደረገች "ምነው፣ ያ ሩጫህ የት ገባ?" ትለኛለች። ደክሞኛል ብዬ አልፋታለሁ። እሷም የሰነፍ ወግ እያለች ትስቅብኛለች።

የማስተምረው ከጅማ ወደ አጋሮ ከሚሄደው አስፋልት ተገንጥሎ በሚገባ የቡና ከተማ ነው። ከተማ ማለት ካስደፈረ። አንድ ዋና መንገድ አለው፣ ግራና ቀኙ ሱቅ፣ ከሱቆቹ ኋላ ቡና፣ ከቡናው ኋላ ደግሞ ሌላ ቡና። ዝናቡ አይጠገብም የሚሉት እዚህ ያልኖሩ ሰዎች ናቸው። እኔ ጠግቤዋለሁ። ጫማ ታጥቦ ሳይደርቅ ሌላ ጭቃ ይመጣል፤ ደርቋል ተብሎ የታጠፈ ልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ ይሻግታል።

ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። እዚያ ማለዳ የሚሮጥ ሰው ማንንም አያስደንቅም፤ ብርዱ ራሱ ያስሮጣል። እዚህ ግን በመጣሁ ሰሞን ጫማዬን አስሬ የከተማውን ጫፍ አልፌ ወደ ገጠሩ ስወርድ፣ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን አግድም ይዘው መሀል መንገድ ላይ ቆሙብኝ። "ኤኙቱ ዱኤ?" አሉኝ። ኦሮምኛዬ ያኔ ከሰላምታ አያልፍም ነበርና ደህና አደርክ ያሉኝ መስሎኝ ፈገግ ብዬ አለፍኳቸው። ዞር ስል ከየቤቱ ሰው ይወጣል። ሴቶቹ ሻርፓቸውን ያስተካክላሉ፣ ወንዶቹ ጫማቸውን ይፈልጋሉ። ሽማግሌው የጠየቁኝ "ማን ሞተ?" ብለው ኖሯል። እኔም በፈገግታ መለስኩላቸው።

እዚህ አገር ትልቅ ሰው ዝም ብሎ አይሮጥም። ከሮጠ ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ ምጥ የጠናባት ሴት አለች፣ ወይ ቤት ተቃጥሏል። ያየው ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይወጣል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቀው ከወጣ በኋላ ነው። እኔ እንግዲህ በየማለዳው ያለ ሬሳ ሳረዳ ከረምኩ። አንዳንዶቹ ይቆጡኝ ጀመር፤ አንዲት እናት በድንጋጤ እስከ ማታ ልቤ ሲመታ ዋለ ብለው ርዕሰ መምህሩ ድረስ መጡ። ሩጫውን ልተወው ተቃርቤ ነበር።

ያዳነኝ ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ነው። ሱቁ ከተከራየሁት ቤት ፊት ለፊት ነበር። የጅማ ልጅ ነው፣ መንደራ ቆጪ ተወልዶ ያደገ፤ እዚህ ያመጣው ትዳር ነው። በዕድሜ ብዙ ይበልጠኛል፤ በመጀመሪያ አንቱ ስለው "አንቱታውን ለሼኾቹ ተውላቸው፣ እኔን አታስረጀኝ" ብሎ ስለከለከለኝ ጋሼ እያልኩ አንተ እለው ነበር። የሆነውን ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ አንድ አርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ መስጊዱ በር ላይ ቆሞ ለሚወጣው ሰው ሁሉ ለፈፈልኝ። "ይሄ መምህር ሲሮጥ ብታዩት አትደንግጡ። ለጤናው ነው። ወላሂ፣ ማንም አልሞተም!"

ቃሉ ተሰማ። ከማግስቱ ጀምሮ ማንም ከቤቱ አልወጣልኝም። እየቆየም ለመዱኝ፤ ቡና የሚያሰጡት ሴቶች ከማድረቂያው አልጋ ላይ ቀና ብለው "ጀባዹ!" ይሉኛል፣ በርታ ማለታቸው ነው። ደስ ይለኝ ነበር። የአገሩ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ልብስ ሰፊው ራሱ ወደዚህ ነገር የገባው ስኳር ተገኝቶበት ነው። ጅማ ያየው ሐኪም ተንቀሳቀስ አለው። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናው ላይ አጎንብሶ የሚውል ሰው በምን ይንቀሳቀስ? ሩጫ እንደሆነ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" እያለ የጫማዬ ማሰሪያ በተፈታ ቁጥር ይቀልድበታል። በመጨረሻ ያገለገለ ሳይክል ገዛ፣ ለኮርቻው ከተረፈ ጨርቅ ልብስ ሰፋለት፣ አጠገቤ እየነዳ አብሮኝ መውጣት ጀመረ። ቁልቁለቱን ጥሎኝ ይሄዳል፤ ዳገቱን ወርዶ ይገፋል፤ ሜዳውን ጎን ለጎን ሆነን እናወራለን። እናወራለን ስል እሱ ያወራል፣ እኔ እተነፍሳለሁ። የሚመጣውን ሰው ገና ከሩቅ በሱሪው ይለየው ነበር። "ያ ሱሪ የእኔ ነው" ይላል። ቀረብ ሲል ደግሞ "ወፍሯል፣ ስፌቱን ሊፈታልኝ ነው" እያለ ያማርራል።

እሁድ ሳይክሉን ለእኔ ይለቃል፤ በአስፋልቱ አጋሮ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ስለዚያ ጉዞ የሚያምር ነገር ልጽፍ ብፈልግ አልችልም። ቡና የጫኑ አይሱዙዎች ጡሩምባቸውን እየነፉ ወደ ጭቃው ይገፉኛል፣ ባጃጆቹ አጠገቤ ድንገት ይቆማሉ፣ ውሻው ሁሉ የማውቀው ጠላቴ ነው። ቤት ስደርስ ወገቤ አይታጠፍም። ቢሆንም ሰኞ ሲነጋ ጋሼ እንደገና በሬ ላይ ቆሞ ደወሉን ያቃጭላል፣ እንወጣለን።

ያን ቀን ኅዳር ነበር፣ ለቀማው የደራበት ሰሞን። ጉሙ ገና አልተነሳም። ወደ ወንዙ የሚወስደውን ጠጠር መንገድ ይዘን ወረድን፤ ከቡና ማጠቢያው የሚመጣው የገለባ ሽታ አፍንጫ ይሰብራል። እንደ ልማዱ ቁልቁለቱ ላይ ጥሎኝ ሄደ። ኩርባውን ስዞር ሳይክሉ ቦይ ውስጥ ነው፣ የፊት ጎማው ታጥፏል። እሱ መንገዱ ዳር በጎኑ ተኝቷል።

ወድቆ የተጎዳ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ስል ግን ፊቱ አመድ መስሏል፣ በዚያ ብርድ ላቡ ይንቆረቆራል። "ደረቴን" አለኝ። ስልኬን አወጣሁ፤ ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ የለም። በዚያ መንገድ በዚያ ሰዓት መኪና አያልፍም። ሰው ያለው ዳገቱ ላይ ነው። ጃኬቴን አውልቄ ከራሱ ሥር አደረግሁለት፣ "መጣሁ፣ ሰው ልጥራ" አልኩት። ሲሰማኝ የሸሚዜን እጅጌ ጫፍ ያዘ። ጨርቅ ሲይዝ የኖረ እጅ ነው፣ አያያዙ ብርቱ ነበር። ሂድ ሊለኝ ይሁን አትሂድ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቅቄ ሮጥኩ።

እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። መጀመሪያ ያገኘሁት ቡና የሚያሰጡትን ሴቶች ነው። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ዳገቱ ትንፋሼን ጨርሶት ድምፅ አልወጣም። ሁለት እጄን አነሳሁላቸው። እነሱም እጃቸውን አነሱልኝ። "ጀባዹ መምህር! ጀባዹ!" ትንሽ ከፍ ብሎ ቅርጫት ያዘሉ ለቃሚዎች አገኘሁ። ወደ እነሱ ሳመራ ፈቀቅ ብለው መንገድ ለቀቁልኝ፣ በአክብሮት። አንደኛው "ዛሬስ ፈጥኗል" ሲል ሰማሁት፤ ጓደኛው ሳቀ።

በመጨረሻ ጆንያ የተሸከመ ሰው ኮሌታ ይዤ አስቆምኩ። እሱም መጀመሪያ ሳቀ። "ነምኒ ዱኣ ጅራ" አልኩት፣ ሰው እየሞተ ነው፤ አባባሌ ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። ፊቴን አየ። ጆንያውን ለቀቀውና ወደ ዳገቱ ዞሮ ጮኸ።

ያን ጊዜ ሁሉም ሮጠ። ሴቶቹ አልጋውን ጥለው፣ ለቃሚዎቹ ቡናቸውን መንገድ ላይ ደፍተው፣ በላስቲክ ጫማ፣ በነጠላ ጫማ፣ ቁልቁል ሮጡ። ሁሉም ቀደሙኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ሯጭ የተባልኩት እኔ ከኋላቸው ደረስኩ።

ካስተኛሁት ቦታ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ነበር፤ እኔ ወደሄድኩበት ወደ ዳገቱ። ጃኬቴ ከኋላው ቀርቷል። አንድ ሰው "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለና ተንበርክኮ ዓይኑን ከደነው። ቃሬዛ ቆርጠው ተሸከሙት። የዚያኑ ዕለት፣ ከአስር ሶላት በፊት ተቀበረ።

ጤና ጣቢያው የሚሠራው ነርስ ቶሎ ቢደረስለትም አይተርፍም ነበር አለኝ። ሊያጽናናኝ እንደሆነ ገባኝ፣ አመሰገንኩት። ቡና የሚያሰጡት ሴቶች ለቅሶው ላይ ተራ በተራ እየመጡ "አላወቅንም መምህር፣ ወላሂ አላወቅንም" ይሉኛል። ምን ጥፋት አለባቸው? አትደንግጡ የተባሉትን ነው የጠበቁት፣ ያውም እሱ ያላቸውን። ሆኖም ተናድጄ ነበር። በእነሱ ተናደድኩ፣ በኔትወርኩ ተናደድኩ፣ ለጤና ነው ብሎ በነገረኝ ሰው ሁሉ ተናደድኩ። ከሁሉ ይልቅ በሟቹ ተናደድኩ፤ ማን ለፍፍልኝ አለው? ሰዉ እንደ ድሮው ቢደነግጥብኝ ምን ነበረበት!

በሦስተኛው ቀን ባለቤቱ ከሴቶቹ ድንኳን ሰው ልከው አስጠሩኝ። እሳቸውን እስከ መጨረሻው አንቱ ነው የምላቸው። ጓሮ በር ላይ ብቻቸውን ቆመው ነበር። ዓይናቸው ደርቋል።

"ልጄ፣ አብረኸው ነበርክ" አሉኝ። "ሸሃዳውን ሲል ሰማኸው?"

በእነሱ ዘንድ ሰው ሲያጣጥር አጠገቡ ያለ የእምነት ምስክርነቱን ቃል ያስብለዋል፣ አፉ ባይችል በጆሮው ይነግረዋል። ይህን አውቃለሁ። የጠየቁኝ ምን እንደሆነም ገብቶኛል።

"አልሰማሁም እትዬ። ሰው ልጠራ ሮጬ ነበር።"

"ማን ነበር አጠገቡ?"

ልዋሽላቸው ፈልጌ ነበር። አንዲት ሴት ነበረች ብል፣ ራሱን ደግፋ ቃሉን አስባለችው ብል፣ ማን ያጣራል? ግን ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነበር።

"ማንም" አልኳቸው።

አላለቀሱም። የበሩን መቃን ያዙ፤ ከድንኳኑ የቁርኣን ድምፅ ይሰማል።

"አብሮት የሚበላ ሲያጣ ከመንገድ ሰው ጠርቶ ያስገባ ነበር" አሉኝ። "እሱ ብቻውን ምሳ እንኳ በልቶ አያውቅም።"