አባቴና ጋቢያቸው

አባቴ የሚወዱት አንድ ታሪክ አለ። ቅድመ አያታቸው ከፈረሰኞች ጋር ዘምተው ሳለ፣ አንድ ሰው ከኮረብታ ላይ ነጭ ጨርቅ አውለበለበ፤ ፈረሰኛው «ግቡ ተባልን» ብሎ ሲጋልብ ረግረግ ውስጥ ገባ፤ እዚያው ተጣብቆ በጥይት አለቀ። እዚህ ላይ ሲደርሱ አባቴ ሰውየውን ሳይረግሙ አያልፉም። «የእነዚያ ሰዎች አጥንት ይውጋው!» ከአረብ አገር ተመልሼም ይህንኑ ስሰማ ተሰላችቻለሁ።

ዘንድሮ በቃና ዘገሊላ ዕለት ከጋሳይ በላይ ባለው ሜዳችን ጉግስ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ፈረሱ ላይ ሆኖ ከፈረሰኞቹ ፊት ቆሟል። ሽማግሌ ጋቢውን ሲያውለበልብ ፈረሰኛው ይለቃል፤ ወጉ እንዲህ ነው። እኔ ፈረስ አልወድም።

አንድ ጎረቤት እየሮጠ መጣና፣ ለውኃ ቧንቧ የተቆፈረ ቦይ ሜዳውን አቋርጦ እንደሚያልፍ ለአባቴ ነገራቸው። ሣሩ ስለጋረደው ፈረሰኞቹ አላዩትም። አባቴ ጮኹ። ከበሮውና እልልታው ድምፃቸውን ዋጠው። ያኔ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ገፈው ማውለብለብ ጀመሩ። ከብት እህል ሲገባ ከማዶ ያለውን እረኛ «መልስ!» የሚሉት እንደዚያ ነው፤ በድንጋጤ እጃቸው የሚያውቀውን አደረገ።

«አባዬ፣ ይተዉት! ልቀቁ ያሉ ይመስላቸዋል!» ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ።

ፈረሶቹ ተነሥተው ነበር። እነሱ በቀረቡ ቁጥር አባቴ ይበልጥ ያውለበልባሉ፤ አባቴ ባውለበለቡ ቁጥር ወንድሜ ፈረሱን ይኮለኩላል። ፈረሱ ቦዩ ውስጥ አንገቱ ተሰብሮ ሞተ። ወንድሜ ከሥሩ ነበር።

ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሐኪሙ «እግሩን ለማትረፍ እንሞክራለን» አለን። እኔ መቀመጥ አቃተኝ። ኮሪደሩን ስመላለስበት ዋልኩ፤ ከዘበኛው ተጣላሁ፣ በሩ ሲንኳኳ ዘለልኩ፣ የተሰጠኝን ሻይ ደፋሁት። አባቴ በዚያ ብርድ ጋቢያቸውን አጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል፤ ልበሱት ብላቸውም እምቢ አሉ። እናደድባቸው ነበር፤ አንጀቴንም ይበሉት ነበር።

እግሩ አልተረፈም። ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ወንድሜ ቀና ማለት ሲችል አባታችን ዓይኑን ሸሽተው መስኮት መስኮቱን ያያሉ። አንድ ቀን ወንድሜ «አባዬ፣ ያቺን የፈረሰኞቹን ታሪክ ይንገሩን እስቲ» አላቸው። ልቆጣው ብዬ ተውኩት።

ጀመሩ። ኮረብታው፣ ነጩ ጨርቅ፣ ረግረጉ። እርግማኑ ጋ ደረሱ። አባቴ በሁለት እጃቸው ጋቢውን ጨበጡት።

«ያ ሰውዬ» አሉ፣ «ተመለሱ ማለቱ ይሆናል።»