ክሩ የተበጠሰው ጸናጽል

የዲንቄ አንድ ተራ ቀን የሚያስከፍላት ይህን ነው፤ ከወንዝ ሁለት እንስራ ውሃ፣ ከእንጦጦ የወረደ ግማሽ ጆንያ ከሰል፣ የአውራ ጣቷን ጫፍ ቆዳ፣ ወናፍ እያናፋች ጀርባዋ ላይ ያለውን ልጅ እሹሩሩ የምትልበትንም ትንፋሽ።

ባሏ ቀጀላ የካ ሚካኤል ግርጌ አንጥረኛ ነው። የጥይት ቀለህ አቅልጦ ለካህናቱ የማኅሌት ጸናጽል ይሠራል። ሽቦው ላይ የሚንሿሿውን ክብ ክብ ቅጠል ሞርዳ የምትሰካው ግን ዲንቄ ናት። ድምፅ የምትሰጠው እሷ፣ ማኅሌት ቆማ ልትነቀንቀው የማይፈቀድላትም እሷ። ከቀጀላ አባት የመጣ የቤት ደንብም አላቸው፤ ጸናጽሉ ተሠርቶ ሲያልቅ ቅጠሎቹ በጥጥ ክር ይታሰራሉ። ካህን ባርኮ እስኪፈታው ድምፁን ማንም አይሰማም።

በ1951 ዓ.ም. መሪጌታ ኃይለ መስቀል ለኅዳር ሚካኤል አሥራ ሁለት ጸናጽል አዘዙ። ዲንቄና ቀጀላ የተቀመጡበት ቦታ የደብሩ ነው። መሪጌታ ከተቀየሙ ከነልጃቸው የት እንደሚወድቁ ዲንቄ ማሰብ እንኳ አትፈልግም።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ቀጀላ ከሰል ፍለጋ እንደወጣ፣ ማዳም ዴስፒና መጣች። ባሏ ፒያሳ ሱቅ ያለው ግሪካዊት ናት፤ ለአገሯ ልጆች ጭፈራ ታስተምራለች። አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም።

«አንተ ዲንቄ፣ ይሄን አውቃለሁ!» አለች አንዱን አንስታ። «ድሮ፣ ድሮ ግብፅ፣ ሐቶር የምትባል የጭፈራ አምላክ ነበረች። ሴቶች ለእሷ ይሄን ነቀነቁ። ስሙ ሰሸሸት፤ ድምፁ ራሱ ስም ሆነ! እኛ ግሪኮች ደግሞ ሴይስትሮን አልነው። ሴዮ ማለት መነቅነቅ።»

«ሴቶች ነበሩ የሚነቀንቁት?»

«ሴቶች! እስቲ አሰማኝ።»

የዲንቄ ጥርስ ከልቧ ቀደመ፤ ክሩን በጠሰችው። ማዳም ጸናጽሉን እየነቀነቀች፣ እግሯን መሬት ለመሬት እየጎተተች ዞረች። «ይሄ ሲርቶስ ነው። የጭፈራው ስም መጎተት ማለት!» ዲንቄ ከት ብላ ሳቀች። ቀና ስትል ግን የጎረቤቷ የወለተሥላሴ ራስ ከአጥሩ በላይ ብቅ ብሏል።

«ጉድ በል የካ! የአንጥረኛ ቤት የአዝማሪ ቤት ሆነ!»

ማዳም ስትሄድ ዲንቄ ክሩን መልሳ አሰረች። ለቀጀላም አልነገረችው።

በዋዜማው ከሰዓት መሪጌታ መጡ። «ተቀመጡ» ቢባሉ አልተቀመጡም። አሥራ ሁለቱን አንድ በአንድ አዩ፤ ሁሉም ታስሯል።

«እዚህ ቤት ተጨፍሯል አሉ።»

ቀጀላ ሳቀ። «የኔታ፣ እዚህ ቤት የሚጨፍር ቢኖር ይሄ ልጅ ነው፤ ጥርስ ሲያወጣ።»

መሪጌታ አልሳቁም። «ክሩ የተፈታ አለ ወይ?»

«ኧረ የለም! ሚካኤል ምስክሬ ነው!»

ዝም ብትል አሥራ ሁለቱም ያልፋሉ። ባሏ ግን ባላወቀው ነገር ምሏል፤ ያውም በሚካኤል ደጅ ቁጭ ብሎ።

«ይሄኛው ነው፣ የኔታ። እሱ አያውቅም። የበጠስኩት እኔ ነኝ።»

ቀጀላ መዶሻውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ዲንቄ ሐቶርንም፣ ሴቶቹንም፣ የማዳምን ጭፈራም ሳታስቀር ተናገረች። መሪጌታ ያንን ጸናጽል ለይተው አነሱ።

«ሙሴም ያደገው በፈርዖን ቤት ነው» አሉ። «ይሄ ናስ ራሱ ትናንት ሰው ሲገድል የነበረ ጥይት ነው። ከየት መጣ ካልንማ ምን ይተርፈናል? መፍታትሽ ጥፋት ነው፤ እንዳልተፈታ አድርገሽ ማሰርሽ ይብሳል። ይቅለጥና እንደገና ይሠራ።»

አሥራ አንዱን ይዘው ወጡ። ደጃፉ ላይ ዞር አሉ። «ቦታችሁ ቦታችሁ ነው።»

በማግስቱ ዲንቄ ልጇን አዝላ ከቅጥሩ ውጭ ማኅሌቱን አዳመጠች። በኋላ እንደሰማችው፣ አንዱ ደብተራ ባዶ እጁን ነበር። አሥራ ሁለተኛው የገባው ለታኅሣሥ ሚካኤል ነው፤ ሁለቴ የቀለጠ ናስ ስለሆነ ድምፁ ጎርነን ይላል።

እናም ይህን ለምታነቡ ሁሉ ዲንቄ አንድ ልመና አላት። «የካ ሚካኤል ማኅሌት ስትቆሙ ከሌሎቹ የጎረነነ ጸናጽል ብትሰሙ፣ ተሰንጥቋል ብላችሁ እንዳታስጥሉብኝ። እባካችሁ፣ እሱን ደህና አድርጋችሁ አድምጡልኝ። እውነት የተናገርኩበት እሱ ነው።»