ቋሚ ፍለጋ
ነኢማ ኮልፌ ውስጥ በአንድ የስፌት ማሠልጠኛ ሃያ ዓመት አስተምራለች። ማሠልጠኛው ባለፈው ክረምት ሲዘጋ ባለቤቶቹ ፕሮጀክተሩንና ተጠቅላዩን ስክሪን «ላንቺ ይሁንሽ» ብለው ሰጧት። ኮርሳቸውን ያልጨረሱ ዘጠኝ ሴቶች ነበሩ። «ቤቴ ኑ፤ ሳላስጨርሳችሁ አልተዋችሁም» አለቻቸው።

መጡ። ሳሎኑ ግን ጠባብ ነው። ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ዘርግታ መቀስ ስታነሳ በደንብ የሚያዩት ፊት የቆሙት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት በሰው ትከሻ ላይ ይንጠራራሉ። አንድ ቀን ሃፊዛ የምትባል ተማሪዋ የኮት እጅጌ ገልብጣ ቆርጣ መጣች። ነኢማ ልትቆጣት አፏን ከፈተችና ተወችው። ልጅቷ ያላየችውን ከየት ታምጣው? ስክሪኑ ግድግዳ ላይ መውጣት አለበት። ስትቆርጥ እጇን በስልክ ከላይ እየቀረጸች፣ እዚያው አጉልታ ልታሳያቸው ወሰነች።

ቅዳሜ ጠዋት ኤባ የሚባል ባለሙያ ከአየር ጤና ድሪሉን ይዞ መጣ። ግድግዳውን በጣቱ አንኳኩቶ ፊቱን አጨማደደ።

«እትዬ ነኢማ፣ ይሄ እኮ ጭቃ ነው።»

«በስሚንቶ ተለስኗል።»

«ላዩን ነዋ! ስክሪኑ ደግሞ ከባድ ነው። የብሎን ማጥበቂያ ፊሸር ብከትበትም አይይዝልኝም።»

«እስቲ ሞክረው።»

ድሪሉ አንዴ ጮኸና ሰተት ብሎ ገባ። ጭድ የተቀላቀለበት ደረቅ አፈር ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ከግድግዳው ማዶ «በስመ አብ! ማነው?» የሚል ድምፅ ተሰማ። ግድግዳው ከጎረቤቷ ከጋሽ ሰብስቤ ጋር የጋራ ነው።

ሽማግሌው ትከሻቸው ላይ የወደቀውን አፈር እያራገፉ መጡ። «ነኢማ፣ ምን በደልኩሽ?»

«ይቅር ይበሉኝ ጋሽ ሰብስቤ። ቀዳዳውን ዛሬውኑ እደፍንልዎታለሁ» ብላ ነገሩን አስረዳቻቸው።

«ታዲያ እግር አሠርተሽለት መሬት ላይ አታቆሚውም?»

«የት ላይ? የሰው መቀመጫ ይወስድብኛል።»

ጋሽ ሰብስቤ ግድግዳውን ትክ ብለው አዩት። ከነኢማ አባት ጋር ሆነው በወጣትነታቸው ያቆሙት እሳቸው ናቸው። «ቋሚዎቹን በየክንዱ ነው የቀበርናቸው» አሉ በመጨረሻ። «እንጨት ከፈለግሽ ውስጡ አለልሽ።»

ኤባ ድሪሉን ወደ ቦርሳው ሲመልስ አየችው። «ሌላ ቀን ብመጣስ...» አለ።

«የትም አትሄድም።»

ጫማዋን አውልቃ ወንበር ላይ ወጣች። ግድግዳውን ከጫፍ ጀምራ በመዶሻ እጀታ ቀስ እያለች አንኳኳች። ድምፁ ድፍን ሲልላት በልብስ ጠመኔ ታሰምርና ቀጭን ምስማር ትመታበታለች። የመጀመሪያው ቋሚ ደህና ነው። ሁለተኛውም ደህና ነው። ሦስተኛው ላይ ምስማሩ ሰመጠ፤ ሲነቀል ምስጥ የበላው ዱቄት ተከትሎት ወጣ። አራተኛውም እንደዚያው።

«በቃ ተይው ልጄ፣ አርጅቷል» አሉ ጋሽ ሰብስቤ፣ እርጅናው የራሳቸው የሆነ ያህል ከፍቷቸው።

አልተወችም። ሂጃቧ አቧራ ለብሶ፣ ክንዷ እየዛለ፣ ለዙሁር ሰላት ብቻ ወርዳ ተመልሳ ወጣች። ከሰባቱ ቋሚዎች አራቱ ጤነኛ ሆነው ተገኙ።

ኤባ በሜትር ለካና ራሱን ነቀነቀ። «የስክሪኑ ማንጠልጠያዎች የሚያርፉበት ቦታ ላይ ግን አንድም ቋሚ የለም።»

ነኢማ ከወንበሩ ሳትወርድ ያሰመረችባቸውን አራቱን ቋሚዎች በዓይኗ ለካች። ከዚያ «ስስ ጨርቅ ላይ ቁልፍ ስትተክል ከሥሩ ምን ታደርጋለህ?» አለችው።

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ እንዴ?»

«ማጠናከሪያ ታስገባለህ። ረጅም ጣውላ ፈልገህ አምጣ።»

ጣውላውን በረጃጅም ቪቴ ከአራቱ ቋሚዎች ጋር አሰሩት፤ ስክሪኑን ጣውላው ላይ ሰቀሉት። ኤባ በሁለት እጁ ተንጠለጠለበት። ግድግዳው ንቅንቅ አላለም። «ወይ ጉድ!» ብሎ ሳቀ።

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ተሰብስበው መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረዱት። ከመካከላቸው አንዷ አንገቷን ዘመም አድርጋ «እትዬ፣ ስክሪኑ ተጣሟል መሰለኝ» አለች።

«የተጣመመውስ ኮርኒሱ ነው» አለች ነኢማ። «ስክሪኑ በውሃ ልክ ነው የተሰቀለው።»

ፕሮጀክተሩ ሲበራ የራሷ እጆች ግድግዳውን ሞልተው ታዩ፤ መርፌ የወጋው አውራ ጣት፣ ጠመኔ የገባበት ጥፍር ሳይቀር። ለአፍታ አፈረች፤ ልትደብቃቸውም ዳዳት። ወዲያው ግን ጨርቁን ስባ አስተካከለችና መቀሱን አነሳች።

«ዛሬ ኮሌታ ነው» አለች። «ከኋላ ያላችሁ፣ ይታያችኋል?»

«ይታየናል!» አሉ።